ቻርጀሩ ቀይ መብራት ያበራል፤ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር አገናኝቼ መኪናዬን ከቤት ሶኬት ልሙላ?

የሆጤ ተከራይ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በቅርቡ ባትሪው 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ፣ ያገለገለ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ ገዝቼ አምጥቻለሁ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደዚህ ዞረናል፤ የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ስለሆነ ወሎ ላለነው የቀረልን የቤታችን ሶኬት ነው።

ችግሬ እንዲህ ነው። ከመኪናው ጋር የተሰጠኝ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የቻይና ስፒና ስላለው የእኛ ሶኬት አይቀበለውም፤ ሻጩ በዚህ ምክንያት አንድ አዳፕተር ጨምሮ ሰጥቶኛል። በመኝታ ቤቱ ሶኬት ላይ ስሰካው ቻርጀሩ ቀይ መብራት ያበራል፣ መኪናውም አይሞላም። መመሪያው ላይ ቀዩ መብራት «ኧርዝ የለም»፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ የለም ማለት እንደሆነ ተጽፏል። የሠፈራችን ኤሌክትሪሽያን መጥቶ ካየ በኋላ፣ ሶኬቱ ውስጥ የኧርዙን መያዣ ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር በአጭር ሽቦ ብናገናኘው መብራቱ አረንጓዴ እንደሚሆንና ሥራውም የአምስት ደቂቃ እንደሆነ ነገረኝ።

አከራዬ እትዬ ደግሞ ቤቱ የጭቃ ቤት በመሆኑ «ልጄ፣ እሳት እንዳታመጣብን» ብለው ሰግተዋል። በግቢው ውስጥ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ከጓሮ ባለው ማድቤት የምጣዱ መስመር ወፍራም ሽቦ እንዳለው ስለማውቅ፣ ከዚያ ብስበው ይሻል ይሆን? የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የቦሩ ሜዳው

ወንድሜ፣ ኤሌክትሪሽያኑ ያለህን አድርገውና ተገላገል። እኔ ቤት እንደዚያው ተደርጎ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ያለ ምንም ችግር ይሞላል። ቀዩ መብራት የቻይናዎቹ ጥንቃቄ ሲበዛ የመጣ እንጂ መኪናውን የሚጎዳ ነገር አይደለም።

ሽቦና ችንካር

ኮምቦልቻ ውስጥ የቤት መስመር በመዘርጋት የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ ከሌሎችም ደንበኞች እየሰማሁ ስለሆነ በሰፊው ልመልስ።

ወንድሜ፣ ያ አጭር ሽቦ በፍጹም አይታሰር። የመኪናው አካል፣ በሩም ኮፈኑም፣ በቻርጀሩ ገመድ በኩል ከኧርዙ ጋር የተያያዘ ነው። ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር ካገናኙት የመኪናው ብረት በሙሉ ኒውትራሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል ማለት ነው። ኒውትራሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ምንም አይሰማዎትም፤ የቦሩ ሜዳው ወንድማችንም እስካሁን ምንም ያልገጠመው ለዚህ ነው።

ነገር ግን አንድ ቀን ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ባለው መንገድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየሙ ከመዳቡ ጋር በተጠማዘዘበት ቦታ፣ ኒውትራሉ ይላላል ወይም ይበጠሳል። በዚያን ጊዜ የግቢው መብራት ሁሉ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ ግን አልጠፋም። በፍሪጁ፣ በአምፖሉ፣ ተሰክቶ በተረሳው ካውያ በኩል አልፎ ወደ ቤቱ ኒውትራል ይመጣል፤ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመለስበት መንገድ ስለተቆረጠበት እዚያው ይቆማል፤ እዚያ ደግሞ የእርስዎ አጭር ሽቦ ወደ መኪናው በር ያደርሰዋል። እርስዎ መብራት ሄደ ብለው፣ ዝናቡ ባራሰው ግቢ በነጠላ ጫማ ወጥተው፣ ቻርጀሩን ሊነቅሉ የመኪናውን እጀታ ይይዛሉ። ቻርጀሩ ጠፍቷል፣ መብራቱም አይበራም፤ አካሉ ላይ ግን 220 ቮልት ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ ቻርጀሮች ሲጠፉ የሚቆርጡት ፌዙንና ኒውትራሉን ነው፤ የኧርዙ መስመር ሳይቆረጥ ከሶኬቱ እስከ መኪናው ይዘልቃል።

ስለዚህ ቀዩ መብራት እውነቱን ነው የተናገረው። አሁን የሚደረገው ኧርዙ የት ላይ እንደጠፋ መፈለግ ነው። መጀመሪያ አዳፕተሩን አገላብጠው ይመልከቱት። እኛ ገበያ ውስጥ ከሚሸጡት መካከል ባለ ሦስት እግሩን ስፒና ተቀብለው ወደ ሁለት ክብ እግር ብቻ የሚያወርዱ አሉ፤ በጎንና በጎናቸው የኧርዝ ብረት ከሌላቸው ኧርዙ እዚያው ተቆርጧል። ቀጥሎ የሶኬቱ ብሬከር ተዘግቶ፣ መዘጋቱም በቴስተር ተረጋግጦ፣ ሶኬቱ ይከፈት። ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከኋላው ታስሯል ወይስ የለም? በቆዩ የደሴ ቤቶች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው የሚገኘው። ሦስተኛው ቢኖር እንኳ ጫፉ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ከምንም ጋር ሳይታሰር ተጠቅልሎ ሊገኝ ይችላል። መጨረሻው የዘንጉ ጉዳይ ነው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ከሌለ ሽቦው ቢኖርም ኧርዝ አለ አይባልም።

የቦሩ ሜዳው

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኒውትራሉ ራሱ ትራንስፎርመሩ ሥር መሬት ውስጥ ይገባል ይባላል። ከሆነ ኒውትራልና ኧርዝ ቀድሞውንም አንድ ናቸው፤ እኔ ሶኬቱ ውስጥ ባገናኛቸው የጨመርኩት አደጋ ምንድን ነው?

የፊዚክስ መምህሩ

ጥያቄው ተገቢ ነው። ኒውትራሉ ትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር መያያዙ እውነት ነው። ልዩነቱ ያለው ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬትዎ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ኒውትራሉ ሥራ የሚሠራ፣ አምፔር የሚያስተላልፍ፣ የሚሞቅና የሚበጠስ ሽቦ ነው፤ ኧርዙ ግን ችግር እስኪመጣ ድረስ ምንም ሳያስተላልፍ የሚጠብቅ ነው። ሁለቱን መስመሩ ጫፍ ላይ ሲያገናኙ ጠባቂውን ከሚጠበቀው ጋር አንድ ላይ አሰሩት። በአንዳንድ አገሮች ሁለቱ እስከ ቤቱ መግቢያ ድረስ በአንድ ሽቦ እንደሚመጡ አውቃለሁ። ከእነዚህ አንዷ በሆነችው በእንግሊዝ እንኳ፣ ከቤት ውጭ ለሚሞላ መኪና ደንቡ የኒውትራል መበጠስን የሚከላከል ተጨማሪ ዘዴ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሽቦና ችንካር ከላይ የገለጹት ነው።

እግረ መንገዴን ሌላ የተሳሳተ እምነት ላንሳ። «ዘንግ ስለቀበርኩ አሁን ደህና ነኝ» የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ዘንግ ብቻውን ብሬከር አያስጥልም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የዘንጉ ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን፣ ይህም ለእኛ ድንጋያማ መሬት ጥሩ የሚባል ነው፣ ፌዙ የመኪናውን አካል ቢነካ ወደ መሬት የሚፈሰው 220 በ20 ተካፍሎ 11 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ያየዋል፤ አይወድቅም፤ የመኪናው አካልም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ይህን የሚቆርጠው በሚሄደውና በሚመለሰው አምፔር መካከል የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ የሚወድቀው የሊኬጅ ብሬከር ነው። እሱ ካለ ዘንጉ 300 ኦም ቢሆን እንኳ የሚያልፈው ከ700 ሚሊ አምፔር በላይ ስለሆነ ወዲያው ይጥላል። ዘንግና ሊኬጅ ብሬከር ተለያይተው የሚገዙ ዕቃዎች አይደሉም።

የወልድያዋ

እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች የማቀርብ ሴት ነኝ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ለዕቃ ማመላለሻ ልንገዛ እያሰብን ስለሆነ ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። ጠያቂው ስለ ምጣድ መስመር ያነሱት ሳይመለስ ቀረ። የእኔ ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር አለው፤ ዓመታት ሲሠራ ሶኬቱ ላይ ምንም አልደረሰም። ምጣድ የቻለ መስመር መኪና እንዴት ያቅተዋል?

ሽቦና ችንካር

እህቴ፣ ጥያቄዎ የነገሩን ልብ የነካ ነው። የቤት ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም 16 አምፔር ያህል ነው። መኪናውም በ16 አምፔር ቢሞላ የሚስበው ያንኑ ያህል ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተጋግሮ ምጣዱ ይጠፋል፤ መስመሩ ይቀዘቅዛል፤ እስከሚቀጥለው ሊጥ ድረስ ቀናት ያርፋል። መኪናው ግን 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪውን ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለማድረስ፣ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ 34 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በ16 አምፔር ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ፣ ያለ አንዳች እረፍት ማለት ነው። አብዛኛው የቤት ሶኬት 16 አምፔር ተብሎ ቢጻፍበትም እንዲህ ላለ የሌሊት ሙሉ ጭነት አልተሠራም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ደንበኛ «ሶኬቱ ይሸታል» ብሎ ጠርቶኝ የከፈትኩትን ልግለጽ። ከፊት ሲታይ አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ብቻ ነበር የሚታየው። ከኋላ ሲዞር ግን የኒውትራሉ ብሎን በጣት ይዞራል፤ ሽቦው ከብሎኑ እስከ አንድ ጣት ርዝመት ድረስ ልባሱ ደርቆ ሲታጠፍ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ስፒናውን የሚይዙት ሁለቱ የናስ ከንፈሮች ግለቱ መተጣጠፋቸውን ወስዶባቸው ተከፍተው ቀርተዋል፤ ስፒናው ሲሰካ አይጨብጡም። ብሬከሩ ግን አልወደቀም፤ አምፔሩ ከተፈቀደው አላለፈማ! ብሬከር የሚያየው አምፔር እንጂ የላላ ብሎን አይደለም።

የፊዚክስ መምህሩ

ይህን በቁጥር ላግዝ። የላላ መገናኛ 0.1 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖረው፣ በ16 አምፔር የሚያወጣው ሙቀት 16 ሲበዛ በ16 ሲበዛ በ0.1፣ ማለትም 25.6 ዋት ነው፤ በአንዲት የብሎን ጫፍ ላይ፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ። አምፔሩን ወደ 8 ብናወርደው 6.4 ዋት ይሆናል። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፈረንሳይ ውስጥ ተራ የቤት ሶኬት ላይ የሚሰኩ ቻርጀሮች በአብዛኛው በ8 አምፔር የተገደቡት ለዚህ ነው።

አባ ሐረጎ

ልጆቼ፣ አብሽሩ፤ ነገሩ እንደምታስፈራሩት አይደለም። ዕድሜዬን በከባድ መኪና ከአሰብ መንገድ ጀምሮ የነዳሁ ነኝ፤ አሁን የልጄን የኤሌክትሪክ መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ አመላልሳለሁ። ለጠያቂው የምለው፣ ሁሌ ባትሪውን ከባዶ ወደ ሙሉ እያሰብክ አታስላ። ባትሪው እንደ ጀሪካን ካላለቀ አይሞላም ያለህ የለም። አንተ በየቀኑ የምትነዳው ስንት ነው? ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የዚህ ዓይነቱ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ የዕለት ፍጆታህ ቢበዛ 9 ነው። በ8 አምፔር ስትሞላ ቻርጀሩ ከሶኬቱ የሚወስደው 1.76 ኪሎዋት ነው፤ የሚባክነውን ጨምረህ 6 ሰዓት ገደማ ይበቃሃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የሰካኸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጨርሷል። 16 አምፔር ለምን ያስፈልግሃል? ቻርጀሩ ላይ ወይም መኪናው ስክሪን ላይ አምፔር መቀነሻ አለ፤ 8 ላይ አድርገህ ተኛ። ከዚያ በታች ግን አትውረድ፤ መኪናው በሚሞላበት ጊዜ ለራሱ የሚወስደው ስላለ ብክነቱ ይበዛል።

ሁለተኛው ነገር የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። መኪናው ሁለት ቶን ቢጠጋ፣ ያ ቁልቁለት 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ነው፤ ሞተሩ ፍሬን እየያዘልህ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ባትሪውን ደሴ ላይ 100 ከሞላኸው ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ሞተሩ መያዙን ይተውና ሸክሙ ሁሉ በተራው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በ90 እንዲያቆም አድርገው። አንዳንድ ባትሪዎች አልፎ አልፎ እስከ 100 እንዲሞሉ አምራቾቹ ይመክራሉ፤ ያን ጊዜ ቅዳሜ ማታ አድርገውና እሑድ ከተማው ውስጥ ዙርበት።

የሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ ስለ ሐረጎ ያሉት ትክክል ነው፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ያንን ጉልበት እንደሚያስከፍል ጠያቂው እንዳይረሱ። የእኔ ጥያቄ ስለ ዝናብ ነው። መኪናችን የሚያድረው ደጅ ነው፤ ሶኬቱ ሳሎን ነው። ዲቫይደር ዘርግተን በመስኮት ብናወጣው ምን ይላሉ? በክረምት በዝናብ መሙላትስ ይቻላል?

ሽቦና ችንካር

በመጀመሪያ ዲቫይደሩ ይቅር። የዲቫይደር ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ሽቦ የቀጠነ ነው፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ የሚወጣበት ስለማያገኝ ልባሱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ዲቫይደር ሁለት ተጨማሪ መገናኛ ማለት ነው፤ መምህሩ ያሰሉት 25 ዋት የሚወለደው እዚያ ነው። የግድ ርዝመት ካስፈለገ መስመሩን ከብሬከር ሳጥኑ እስከ መኪናው ማቆሚያ በቱቦ ማድረስ ነው።

ዝናቡን በተመለከተ፣ በመኪናው በኩል ያለው መሰኪያ ዝናብ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ አያስፈራም። የሚያስፈራው በሶኬቱ በኩል ያለው ነው፤ እሱ ከጣሪያ ሥር፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሁን። የቻርጀሩ ሳጥንም በገመዱ ተንጠልጥሎ አይደር፤ ክብደቱ ስፒናውን ወደ ታች ስለሚጎትት ከላይ ያሉት መያዣዎች ይላላሉ። አንድ ሚስማር መትቶ ሳጥኑን መስቀል በቂ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነበውም። ብዙዎቹ ቻርጀሮች መመሪያቸው ላይ «እስከ 2000 ሜትር ከፍታ» ይላል። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናት፤ ደሴ ግን 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው ሙቀቱን የሚያስወግድበት አቅም ይቀንሳል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ክፍሎች መካከል ያለው አየርም የሚያግደው ቮልት ያንሳል። የደሴ ብርድ ያካክሰዋል የሚሉ አሉ፤ ለሙቀቱ በከፊል እውነት ነው፣ ለሁለተኛው ግን ብርዱ ብዙም አይረዳም። ደሴ ላይ ከተጻፈው አምፔር በታች መሥራት ለዚህም ይጠቅማል።

የቦሩ ሜዳው

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሽቦውን ለማስነሳት ወስኛለሁ። ነገር ግን ግቢያችን አለት ነው፤ ዘንግ አይገባም። ምን ይደረጋል?

ሽቦና ችንካር

እስኪነሳ ድረስ መኪናውን ባይሞሉ ይመረጣል። አለት ከሆነ ዘንጉን ቀጥ ብሎ መምታት ግዴታ አይደለም፤ ጎድጓዳ ቦይ ተቆፍሮ መዳቡ በአግድም ሊቀበር ይችላል፤ ወይም አፈር ያለበት የግቢው ጥግ፣ የእቃ ማጠቢያው ውሃ የሚፈስበት አካባቢ ተፈልጎ ከዚያ በወፍራም ሽቦ ይሳባል። ጨውና ከሰል መጨመር የቆየ ልማድ ነው፤ ለጊዜው ይረዳል፣ ጨው ግን መዳቡን ስለሚበላውና በዝናብ ስለሚታጠብ መተማመኛ አይሆንም። ልኬቱን በበጋ፣ መሬቱ በደረቀበት ጊዜ አስለኩ፤ በነሐሴ የተለካ ዘንግ ሁሉ ጥሩ ይመስላል።

የወልድያዋ

መብራት በሄደ ጊዜ ከጄኔሬተር መሙላትስ ይቻላል?

የፊዚክስ መምህሩ

የትንንሽ ጄኔሬተሮች ሁለቱም ሽቦዎች በአብዛኛው ከመሬት ጋር ያልተያያዙ ስለሆኑ ቻርጀሩ ኧርዝ የለም ብሎ እምቢ ይላል። ማስተካከያው በባለሙያ የሚደረግ ሲሆን በሶኬት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከነዳጁ ዋጋ አንጻርም ለድንገተኛ ካልሆነ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ይልቅ መብራት ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዋዥቅ፣ ከፍና ዝቅ ሲል ቆርጦ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልሰውን የቮልቴጅ መጠበቂያ በመስመሩ ላይ ቢያስገቡ የተሻለ ነው።

የሆጤ ተከራይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን ይዤ አዳፕተሩን ስመለከተው ሁለት እግር ብቻ ያለው ነው፤ የኧርዝ ብረት የለውም። ሶኬቱም ሲከፈት ከኋላው ሁለት ሽቦ ብቻ ተገኘ። እትዬ በግድግዳው ውስጥ ምንም እንዳይቆፈር አጥብቀው ስለጠየቁ፣ ከብሬከር ሳጥኑ በውጭ በኩል በቱቦ አዲስ መስመር እስከ መኪናው ማቆሚያ እንዲዘረጋ ተስማምተናል፤ ወጪውን እኔ እሸፍናለሁ፣ ስለቅም መስመሩ ለቤቱ ይቀራል። ለቆጣሪውም መኪናው የሚወስደው ለብቻው እንዲታወቅ አነስተኛ ቆጣሪ በመስመሩ ላይ ይገባል፤ ያለዚያ ከጎረቤት ጋር በካርድ ሒሳብ መጣላት አይቀርም።

የቀሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ባለሙያው የቻርጀሩን የቻይና ስፒና ቆርጦ የእኛን ስፒና ሊያስርልኝ አስቧል፤ ይህ ተገቢ ነው? ሁለተኛ፣ ዋናው ብሬከር 32 አምፔር ሲሆን በግቢው ሁለት ምጣድ አለ፤ መኪናው ሲጨመርበት ይችለዋል?

ሽቦና ችንካር

ስፒናው አይቆረጥ። ብዙዎቹ ቻርጀሮች ስፒናው ውስጥ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ዕቃ አላቸው፤ ሶኬቱ ሲግል ቻርጀሩ ራሱ አምፔር የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው በእሱ ነው። ሲቆረጥ ወይ ቻርጀሩ አልሠራም ይላል፣ ወይ ሙቀት የማያይ ሆኖ ይሠራል፤ ሁለተኛው ይብሳል። ከዚያ ይልቅ ሶኬቱ ለስፒናው ይስማማ፦ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ፣ 16 አምፔር የተጻፈበት የቻይና ሶኬት ተገዝቶ ግድግዳው ላይ ይታሰር፤ አዳፕተሩም አያስፈልግም። ስፒናው የ10 ነው ወይስ የ16 አምፔር የሚለውን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ እግሮቹ በስፋት ይለያያሉ፣ የአንዱ በሌላው አይገባም። ሽቦው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ይሁን፤ ለ8 አምፔር 2.5 ይበቃል፣ ነገር ግን ርቀት አለና የዋጋው ልዩነት አያስቆጭም። ብሬከሩ 16 አምፔር፣ ከእሱ ጋር የ30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር። ሊኬጁ «ኤ» የሚባለው ዓይነት እንጂ ተራው «ኤሲ» አይሁን፤ ከመኪና ቻርጅ የሚወጣ ቀጥተኛ አምፔር (ዲሲ፣ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ) ተራውን ሊያደነዝዘው ይችላል። መፈተኛ ቁልፉንም በየወሩ ይጫኑት።

ለሁለተኛው፣ ሁለት ምጣድ ብቻቸውን 32 አምፔሩን ይሞሉታል። መኪናው 8 ሲጨምርበት ዋናው ብሬከር ቢወድቅ ሥራውን ሠራ ማለት ነው፤ በትልቅ ብሬከር እንዲቀየር እንዳይፈቅዱ፣ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ አልተቀየረምና። አባ ሐረጎ ያሉትን ይያዙ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማንም አይጋግርም፣ በዚያን ሰዓት ቮልቱም ይሻላል። መኪናው ሰዓት መቅጠሪያ አለው።

መጀመሪያ በሞሉበት ሌሊት፣ ከተሰካ አንድ ሰዓት በኋላ ወጥተው ስፒናውን በእጅዎ ይንኩት። ሞቅ ቢል ምንም አይደል፤ እጅዎን ማቆየት ካቃተዎ ወይም ሽታ ካለ፣ ስፒናውን በጭነት ላይ ሳይነቅሉ መጀመሪያ መኪናው ላይ ያቁሙት፣ ከዚያ ብሬከሩን ይዝጉ።

የሆጤ ተከራይ

ተረድቻለሁ። ዘንጉን ማድቤቱ ጀርባ ለመቅበር አስበናል፤ ባለሙያው ከተቀበረ በኋላ ላዩን በሲሚንቶ ልድፈነው ይላል።

ሽቦና ችንካር

አይደፈን። የዘንጉ ራስ ላይ ሽቦው የሚታሰርበት ማጥበቂያ በጊዜ ብዛት ይዝጋል፣ ይላላልም። በዙሪያው ትንሽ ሳጥን ተሠርቶ የሚነሳ ክዳን ይደረግለት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ማጥበቂያው ይጥበቅ።